ከንፈር የሌላት ተርብ

ነገሩ የተጀመረው በቆጣሪ ነው።

ጥቅምት ላይ እናቴን ልጠይቅ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጣርማ በርን ስታልፍ ካፖርትህን ታወልቃለህ፣ ደብረ ሲናን ስታልፍ ሹራብህን። ሮቢት ስትደርስ ሸሚዝህም ይከብድሃል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሮቢት 1,300 ገደማ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ 1,500 ሜትር ትወርዳለህ ማለት ነው። የሚለወጠው ልብስህ ብቻ አይደለም። ግድግዳው ላይ የሚሄደው፣ አምፖሉን የሚዞረው፣ ሻይህ ውስጥ የሚወድቀው ነፍሳት ሁሉ ሌላ ነው።

ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ እናቴ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። "ና እስቲ፣ ይሄን ጉድ እይልኝ" አለች። ከቆጣሪው ሣጥን ሥር አራት ትናንሽ የጭቃ ማሰሮዎች ተለጥፈዋል። ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ባለፈው ወር መጥቶ "እማማ፣ እኔ እዚህ ፊቴን አላስጠጋም" ብሎ ሄዷል። እናቴ መጥረጊያዋን አዘጋጅታለች። የቀረው የእኔ መምጣት ነበር። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። በእናቴ ቤት ይህ ማለት የሚናደፍ ነገር ሲገኝ የሚጠራ ሰው ማለት ነው።

"ሦስት ቀን ስጪኝ" አልኳት።

"ለምኑ?"

"ምን እንደሆነች ልወቅ።"

"ተርብ ናታ!" አለች። ደግሞ እኮ አልተሳሳተችም።

ማሰሮዎቹን ቀርቤ አየኋቸው። እያንዳንዳቸው ጎላ ያለች የወይን ፍሬ ያህላሉ። ሦስቱ ተደፍነዋል። አራተኛዋ ክፍት ናት። አጭር አንገት አላት፤ አንገቷ ጫፍ ላይ ወደ ውጭ ገልበጥ ያለ ከንፈር። እንስራን አሳንሰህ፣ አሳንሰህ፣ ጣትህ ጫፍ ላይ እስክትቀመጥ ድረስ አሳንሳት። እሷ ናት። ትንሽ ቆይቶ ባለቤቷ መጣች። ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ትሆናለች። ቀይ ቡናማ ናት፤ ጥቁር ጣል ጣል ብሎባታል። ወገቧ ከመቅጠኑ የተነሳ ፊቷና ኋላዋ የተለያዩ ሁለት ፍጥረቶች ይመስላሉ።

እኔም ወዲያው ፈረድኩ። "ይቺ ጭቃ ለጣፊ ተርብ ናት" አልኳት እናቴን። "ሳይንሳዊ ስሟ ስኬሊፍሮን ይባላል። ሸረሪት ነው የምታድነው።"

"ሸረሪት የምትጨርስ ከሆነማ ትቀመጥ" አለች እናቴ። ሸረሪት አትወድም። የተሳሳተ መረጃ ሰጥቼ ለተርቧ ዕድሜ ገዛሁላት።

ስህተቴን ያወቅኩት በማግስቱ ቦኖ ውሃ ጋ ነው። ጀሪካኖቹ ተሰልፈዋል፣ የሚፈሰው ውሃ መሬቱን አጨቅይቶታል። ጭቃው ዳር ሁለት ዓይነት ተርቦች ይመላለሳሉ። አንዷ ጥቁርና ቢጫ ናት። ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ ጭራዋን ወደ ላይ ቀስራ፣ እየነዘነዘች፣ ድቡልቡል ጭቃ ጠቅልላ ይዛ ትበራለች። ጭቃ ለጣፊዋ ስኬሊፍሮን ይቺ ናት። ሌላዋ የእኛ ቤቷ ነች። ጭቃውን አልነካችውም። ውሃ ጠጥታ ሄደች። ተከትያት አጥሩ ሥር ደረስኩ። ደረቅ አፈር ላይ አረፈች፤ ከሆዷ ውሃውን መልሳ አፈሩን አራሰች፤ ከዚያ በመንጋጋዋ አቦካችው። አንደኛዋ የተቦካ ገዝታ የምትሄድ ናት። ሁለተኛዋ ውሃዋን ተሸክማ፣ አፈሯን መርጣ፣ ራሷ የምታቦካ ሸክላ ሠሪ ናት።

አንድ ሰዓት ያህል ቆምኩ። ውሃ ሊቀዱ የመጡ ልጆች "ቲቸር ምን ጠፋበት?" ይባባላሉ።

ከቦኖ ስመለስ ዓይኔ ተከፍቶ ነበር። ያቺ ተርብ ስታርፍ ክንፎቿን ቁመቱን እንደታጠፈ ወረቀት ታጥፋቸዋለች። ስኬሊፍሮን እንዲህ አታጥፍም። የዓይኗ ውስጠኛ ጠርዝ ደግሞ ቀጥ ያለ አይደለም፤ እንደ ባቄላ ፍሬ ገባ ብሏል። እነዚህ ሁለት ምልክቶች ተርቧን ወደ ሌላ አስተኔ፣ ማለትም ወደ ሌላ ትልቅ የዝምድና ቡድን ይወስዷታል። ቬስፒዴ ይባላል። ያ ሰው የሚያሳድደው፣ ዛፍ ላይ የወረቀት ቀፎ የሚሠራው፣ ተሰብስቦ የሚኖረው ተርብም ያለው እዚሁ አስተኔ ውስጥ ነው። እናቴ "ተርብ ናታ" ስትል ከእኔ ይልቅ ለእውነቱ ቀርባ ነበር ማለት ነው። እኔ ነኝ ሌላ ቤት የሰደድኳት።

ቬስፒዴ ውስጥ ግን ብቻቸውን የሚኖሩ ብዙ አሉ። ንግሥት የላቸውም፣ ሠራተኛ የላቸውም፣ መንጋ የላቸውም። እያንዳንዷ ሴት ለራሷ ትሠራለች፣ ለራሷ ታድናለች፣ ለራሷ ትወልዳለች። ኢዩሜኒኔ የሚባለው ንዑስ አስተኔ ይሄ ነው። ወደ 200 ወገኖችና ከ3,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። ሁሉም ማሰሮ አይሠሩም። አንዳንዱ የእንጨት ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ አንዳንዱ መሬት ይቆፍራል። ሸክላ ሠሪዎቹ የተወሰኑት ናቸው።

ይሄ ንዑስ አስተኔ በጥፍሩም ይታወቃል። የመንጋው ተርብ ጥፍር ልሙጥ ነው፤ የእነዚህ ጥፍር ጥርስ አለው፣ ሹካ ይመስላል። መንጋጋቸውም ረጅም ነው፤ እንደ ሁለት ቢላ አንዱ በአንዱ ላይ ይተላለፋል። ለእናቴ ዋናው ነገር ግን ሌላ ነበር። ብቸኛ ተርብ ቤቷን ለመከላከል ሰው ላይ አትዘምትም። መንደፊያ አላት፤ በእጅህ ከጨመቅካት ትጠቀምበታለች። ዋና ሥራው ግን ለአደን ነው። ያ ቆጣሪ አንባቢ ልጅ በከንቱ ነው የፈራው።

እዚህ ላይ ስለ "ወገን" አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ ከዝርያ ከፍ ብሎ፣ ከአስተኔ ዝቅ ብሎ ያለውን ደረጃ ወገን እንለዋለን። ቃሉ ሰው ላይ ሲውል ከባድ ነው። በእኛ አካባቢ ያለፉት ዓመታት ምን ያህል እንደሚከብድ አሳይተውናል። ተርብ ላይ ሲውል ግን ደስ ይላል። ወገኗን ብትስት የሚፈስ ደም የለም፤ ወረቀትህን ቀደህ እንደገና መጻፍ ነው።

እኔም ቀድጄ ጻፍኩ። "ኢዩሜኔስ" ብዬ።

ለምን ኢዩሜኔስ? ምክንያቴ ደካማ ነበር። ማሰሮ ትሠራለች፣ ወገቧ ቀጭን ነው፣ መጻሕፍት ላይ ሸክላ ሠሪ ተርብ ሲባል ቀድሞ የሚመጣው ስም ይሄ ነው። ንዑስ አስተኔው ራሱ የተጠራው በእሱ ነው። ትርጉሙም በግሪክ ቋንቋ ደግ፣ ቸር ማለት ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1802 ያወጣው ፒየር አንድሬ ላትሬይ የሚባል ፈረንሳዊ ቄስ ነው። የእኚህ ቄስ ታሪክ ሳይነገር አይታለፍም። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ቦርዶ ውስጥ ታሰሩ። አንድ ቀን እስረኞችን ሊያይ የመጣ ሐኪም አባ ላትሬይን ወለሉ ላይ ተደፍተው አንዲት ጥንዚዛ ሲመረምሩ አገኛቸው። "ብርቅ ናት" አሉት። ሐኪሙ ጥንዚዛዋን ነፍሳት ለሚሰበስብ የ15 ዓመት ልጅ ወሰደለት። ልጁ የቄሱን ሥራ ያውቅ ኖሯል። ተሯሩጠው አስፈቷቸው። አብረዋቸው ታስረው የነበሩት እስረኞች ወር ሳይሞላ አለቁ። ነፍሳት ነፍስ ሲያድን እንዲህ ነው።

ወደ ተርቧ ልመለስ። ከሰዓት በኋላ እናቴ "ዝም ብለህ ግድግዳ ከምታይ ና ገበያ አጅበኝ" አለችኝ። የሽሮ ድስት ልትገዛ ነው። ሄድን። ሸክላ የሚሸጡ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ዘንድ ቁጭ አለች። እናቴ አንድ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ድስት አነሳች። በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው፤ ድምፁ ደህና ነው። "ይሄ ጥሩ ይመስላል፤ ከዚያኛው ይሻላል መሰለኝ፣ እትዬ" አለች። ያኛው ቀላ ያለ ነው።

ሴትዮዋ ሳቁ። "ሁለቱም የአንድ እጅ ነው" አሉ። "ቀለሙን አትዪ። ቀለም ጭስ ነው። ከንፈሩን እዪ።"

ከዚያ ያሳዩን ጀመር። የእሳቸው ድስት ከንፈር ወደ ውጭ ወጣ ብሎ በአውራ ጣት ተጫን ተጫን ተደርጓል። ከጎናቸው ካለችው ሻጭ አንድ ድስት አነሱ፤ ከንፈሩ ደፈን ያለ፣ ክብ ነው። "ይሄ የእህቴ ልጅ ነው። እኔ አስተማርኳት፤ ግን ከንፈር ላይ የራሷን ይዛለች" አሉ። ሆዱን ሁሉም አንድ ዓይነት ያወጣዋል። ከንፈር ላይ ሲደርሱ እጅ ይለያል። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ብዳስስ የማን እንደሆነ እነግርሃለሁ አሉኝ። አመንኳቸው።

በአገራችን ሸክላ ሠሪ ምን ሲባል እንደኖረ ሁላችንም እናውቃለን። ማሰሮው ከሁሉም ቤት ይገባል፣ የሠራችው ግን ከደጅ ትቀራለች። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣት ነበረባቸው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ገና አልጠፋም። ሴትዮዋ ሲናገሩ አስተውዬ የሰማኋቸው በዚህም ይመስለኛል። በሰው ላይ መለያ ሲለጠፍ ያዩ ሰው ናቸው፤ ለዕቃ መለያ ሲሰጡ ግን ይጠነቀቃሉ።

ማታውን "ቀለም ጭስ ነው" የሚለው ከጆሮዬ አልወጣም። እኔስ ተርቧን በምን ለየኋት? በቀለሟና በወገቧ። ሸክላ ሠሪ ተርቦች ላይ ቀለም የባሰ ጭስ ነው። አንድ አካባቢ የሚኖሩ፣ ምንም የማይዛመዱ ተርቦች አንድ ዓይነት ቀይና ጥቁር ለብሰው ታገኛቸዋለህ። ወፍ አንዷን ቀምሶ ከተቃጠለ ሌሎቹንም ይተዋቸዋል፤ ስለዚህ አንድ ዩኒፎርም መልበስ ለሁሉም ይጠቅማል። በተቃራኒው አንዷ ዝርያ ራሷ በአንዱ አገር ቀይ፣ በሌላው ጥቁር ልትሆን ትችላለች።

በማግስቱ ዕድል ቀናኝ። የማድቤቱ መስኮት ላይ አንዲት ተርብ ደርቃ አገኘሁ። ያቺው ዓይነት ናት። የሞባይሌ ካሜራ ላይ የምትሰካ ትንሽ ሌንስ አለችኝ፣ ለተማሪዎቼ ብዬ የገዛኋት። ተርቧን በስፒል ወግቼ ክብሪት ሣጥን ላይ አቆምኳት።

ነፍሳት የሚለይበት መንገድ መለያ ቁልፍ ይባላል። ጥያቄ አለው፤ "እንዲህ ከሆነ ወደ 5 ሂድ፣ ካልሆነ ወደ 9።" ቢሮ ለቢሮ እንደመዞር ነው። የተሳሳተ መስኮት ከቆምክ ቀኑን ሙሉ ትሰለፍና መጨረሻ ላይ "ይሄ እኛን አይመለከትም" ትባላለህ። መጀመሪያ ጾታዋን ቆጠርኩ። አንቴናዋ 12 አንጓ ነው፤ የወንድ ቢሆን 13 ይሆን ነበር፣ የመጨረሻዋም አንጓ እንደ መንጠቆ ትታጠፍ ነበር። ሴት ናት። ከዚያ ሆዷ ላይ ደረስኩ። የመጀመሪያው የሆድ ክፍል ያ ቀጭኑ ወገብ ነው። ሁለተኛው ክፍል እንደ ደወል ይነፋል። ጥያቄው ያለው እዚህ ደወል ጠርዝ ላይ ነው።

የኢዩሜኔስ ደወል ጠርዙ ላይ ስስ ክፈፍ አለው። ብርሃን የምታሳልፍ፣ እንደ ሸማ ጥለት የተቀጠለች ስስ ነገር። ሌላ ወገን ደግሞ አለ፣ ከሩቅ ሲያዩት ኢዩሜኔስን የሚመስል፣ ብዙ ጊዜ በአካል የሚበልጥ። የእሱ ደወል ጠርዙ ልሙጥ ነው። ክፈፍ የለውም።

ስፒሏን አዞርኩ። ከላይ አየሁ፣ ከጎን አየሁ። መብራት ከሥር አበራሁ። ምንም የለም። ጠርዙ እንደተቆረጠ ቆርቆሮ ልሙጥ ነው።

እንደ ሕፃን ሳቅኩ። ማሰሮዋ ከንፈር አላት፤ እሷ የላትም። ሴትዮዋ ገበያ ላይ ቁጭ ብለው መልሱን ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ለድስት ብቻ የሚሠራ መስሎኝ ኖሯል።

ወገኗ ዴልታ ይባላል። አዎ፣ የግሪኩ ፊደል። በእኛ አገር ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ይቺን ግን መልአክ አልጎበኛትም። ሄንሪ ደ ሶሱር የሚባል የጄኔቫ ሰው እ.ኤ.አ. በ1855 ኢዩሜኔስ ሲበዛበት ጊዜ በክፍል በክፍል አድርጎ ፊደል ሰጠው። ዴልታ፣ ዜታ፣ ኦሚክሮን። በቃ፣ ወፍጮ ቤት ያለ ሰው ጆንያ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ እንደሚጽፈው። ጆንያዎቹ ግን ኋላ ራሳቸውን ቻሉ። ዜታና ኦሚክሮን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖች ሆኑ። ዴልታ አፍሪካንና እስያን ይዛ ቀረች፣ ወደ ደቡብ አውሮፓና አውስትራሊያም ዘለቀች። ለረጅም ጊዜ የቆዩ መጻሕፍት ዴልታን ኢዩሜኔስ ውስጥ ይጽፏት ነበር። ስለዚህ እኔ በዚያ ዘመን ብኖር ኖሮ አልተሳሳትኩም ነበር። ይሄን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬያለሁ።

የደ ሶሱር ነገር እዚህ ላይ አያበቃም። ይሄ ሰው ተርብ እያየ፣ ክንፍ እየቆጠረ፣ ፊደል እየሰጠ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1857 ወንድ ልጅ ተወለደለት። ፈርዲናንድ። የቋንቋ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ፈርዲናንድ ደ ሶሱር። ቃልና የሚጠራው ነገር በተፈጥሮ አልተጋቡም፣ ልማድ ነው ያጋባቸው ብሎ ያስተማረው ሰው። አባቱ ተርቦችን በፊደል ሲጠራ ያየ ልጅ ይህን ማሰቡ አይገርምም እላለሁ። የእኔ ግምት ነው፤ ማስረጃ አትጠይቁኝ። ግን ደስ ይለኛል።

ሰዋስው ለምትወዱ ደግሞ ሌላ ጨዋታ። ኢዩሜኔስ በላቲን አጠራር ወንዴ ነው። ዴልታ ግን ወንዴም ሴቴም አይደለም፣ ግዑዝ ጾታ ነው። ስለዚህ ተርቧ ከኢዩሜኔስ ቤት ወጥታ ዴልታ ስትገባ የአባት ስሟም ጭራው ይለወጣል። ክንፉ ግማሽ በግማሽ የጠቆረው ዝርያ ኢዩሜኔስ ዲሚዲያቲፔኒስ ነበር፤ ዛሬ ዴልታ ዲሚዲያቲፔኔ ነው። ተጋብታ ቤት እንደቀየረች ሙሽራ።

አሁን የሚቀጥለው ጥያቄ የእናቴ ነው። "እሺ፣ ዴልታ ናት። ታዲያ ምን ይጠበስ?"

ጥሩ ጥያቄ ነው። ተማሪዎቼም ይጠይቁኛል፣ እንዲህ በግልጽ ባይሆንም። ወገን ዝም ብሎ ስም ከሆነ ምንም አይጠበስም። እኔ የምወደው ግን ሌላውን ነገሩን ነው። ወገኗን በትክክል ካገኘህ ያላየኸውን ነገር አስቀድመህ መናገር ትችላለህ። ስለዚህ ወረቀት አወጣሁና እናቴ ፊት ጻፍኩ። አንድ፣ ማሰሮው ውስጥ ሸረሪት የለም፤ የእሳት እራት ትል ነው ያለው። ሁለት፣ ትሉ አልሞተም፤ ሽባ ሆኗል። ሦስት፣ እንቁላሏ መሬት ላይ አይደለም ያለችው፤ ከጣራው በክር ተንጠልጥላለች። አራት፣ እንቁላሏ የምትገባው ከምግቡ በፊት ነው። ስኬሊፍሮን ብትሆን ኖሮ መጀመሪያ ሸረሪት፣ ከዚያ በሸረሪቱ ላይ እንቁላል ነበር የሚሆነው።

"ጠንቋይ ሆንክ ወይ?" አለች።

አራተኛዋ ማሰሮ ገና ክፍት ነበረች። ተርቧ እስክትሄድ ጠብቄ ሌንሷን አፏ ላይ ደቅኜ በሞባይል መብራት አየሁ። ውስጧ ባዶ ነው። አንድም ትል የለም። ከጣራዋ ግን ከሰሊጥ ፍሬ ቀጠን ያለች ነጭ ነገር በክር ተንጠልጥላ ቀስ ብላ ትወዛወዛለች። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አየች። ብዙ ጊዜ አየች። "እንደ ቤተ ክርስቲያን ቀንዲል" አለች።

ለምን እንደምትንጠለጠል ሳስበው ይገርመኛል። ትሎቹ ሽባ ይሁኑ እንጂ ጭራቸውን መወራጨት አያቆሙም። እንቁላሏ መካከላቸው ብትወድቅ ትጨፈለቃለች። ተንጠልጥላ ግን ከላይ ሆና ትጠብቃለች። ትፈለፈልና ከክሯ ሳትርቅ ከሥሯ ካለው ትበላለች።

ከተደፈኑት አንዷን ሰበርኳት። ዛሬም ትንሽ ያሳፍረኛል። ሰባት አረንጓዴ ትሎች ወጡ። አንዱን በእንጨት ስነካው ጭራው ተንቀጠቀጠ። ትሎቹ መካከል አንድ ወፍራም ነጭ እጭ አለ፤ የማሰሮዋ ባለቤት። ገሉን መልሼ ልገጥመው ሞከርኩ፣ አልሆነም።

እናቴ ግን ትሎቹን ነው የምታየው። "ይሄ ማሾዬን የሚበላው አይደለም እንዴ?" አለች። ሮቢት የማሾ አገር ናት። እንቡጥና ቆባ የሚበሳ ትል ስንቱን አሳዝኗል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ መጤ ተምች አገራችን ገብቶ በቆሎውን አመሰው። ተርቧ ሁሉንም ትጨርሳለች ብዬ አልዋሸኋትም። አራት ማሰሮ፣ በየማሰሮው ሰባት ብትል 28 ትል ነው። አንድ ማሳ አታድንም። እናቴ ግን ሂሳቤን አልወደደችውም። "28 ትል እኮ ዝም ብሎ 28 ትል አይደለም፤ ያድጋል፣ ይወልዳል" አለች። የባዮሎጂ አስተማሪው ማን እንደሆነ ተምታታብኝ።

መጥረጊያው ወደ ቦታው ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት እንግዳ መጣች። አረንጓዴና ሰማያዊ፣ የብረት ቀለም የተቀባች ትመስላለች፤ ፀሐይ ሲያርፍባት ታንጸባርቃለች። እናቴ "እንዴት ታምራለች! ይቺስ?" አለች። ስቲልቡም ናት ብዬ ጠረጠርኩ፣ ኩኩ ተርብ ከሚባሉት አንዷ። እሷ ማሰሮ አትሠራም። ሌላዋ የሠራችውን በስታ የራሷን እንቁላል ታስገባለች፤ ልጇም የቤቱን ልጅ ትበላለች። ይሄን ስነግራት እናቴ መጥረጊያውን እንደገና አነሳች። አቋሟ የሚለዋወጠው በፍጥነት ነው። ከተርብ ጥላቻ ወደ ተርብ ጥብቅና በሦስት ቀን።

ማታ ስለ ሌላ ነገር አሰብኩ። አንኮበር ከዚህ ሩቅ አይደለም። እዚያ ልጥ ማረፊያ የሚባል ቦታ አለ። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኞች የሰጡት ቦታ ነው። ማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ እ.ኤ.አ. በ1876 መጥቶ እዚያ ሰፈረ፤ ወፍ፣ እንስሳ፣ ነፍሳት እየሰበሰበ ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው ሞተ። የሰበሰበው ወደ ጄኖቫ ሙዚየም ሄደ። ስለዚህ የሸዋ ነፍሳት ከመቶ ዓመት በላይ ጣሊያን አገር መሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል፣ በስፒል ተወግተው፣ ከሥራቸው "ሸዋ" ተብሎ በላቲን ፊደል ተጽፎ። በኋላም የአፍሪካ ሸክላ ሠሪ ተርቦችን በብዛት ስም ያወጣላቸው አንቶኒዮ ጆርዳኒ ሶይካ የሚባል የቬኒስ ሰው ነው። ቂም ይዤ አይደለም የማወራው። ባይሰበስቡ ኖሮ እኔም ቁልፍ አልነበረኝም። ግን የሸዋን ተርብ ለማወቅ ጄኔቫ፣ ጄኖቫና ቬኒስ መዞሬ ትንሽ ያስቀኛል፤ ከእናቴ ገበያ እስከ ቤቷ እኮ አሥር ደቂቃ ነው።

የተርቦቹ የዝምድና ቤትም ገና እየተሠራ ነው። በቅርብ ዓመታት በዲኤንኤ ሲፈተሽ ያ ትልቁ ንዑስ አስተኔ አንድ ቤተሰብ አለመሆኑ ታየ። ዜተስ የሚባለው ወገንና ዘመዶቹ ወጥተው የራሳቸውን ጎጆ ቀለሱ። ነገ ዴልታም ትከፈል ይሆናል።

ዝርያዋን ለመለየት አልሞከርኩም። ብዙ ተርቦች ላይ ዝርያን ለማረጋገጥ ወንዱ ያስፈልጋል፣ ብልቱ ሳይቀር ይመረመራል። በእጄ ያለችው አንዲት ሴት ናት። ወገኗ ይበቃኛል አልኩ።

ልመለስ ስል መለያ ወረቀቷን ጻፍኩ። ነፍሳት ያለ መለያ ወረቀት ዋጋ የለውም፤ የት፣ መቼና ማን እንዳገኘው ካልታወቀ ደረቅ ሬሳ ነው። ሁለት ጊዜ የተሰረዘውን ትቼ በአዲስ ወረቀት፣ በደቃቃ ጽሕፈት እንዲህ አልኩ፦ ዴልታ። ሴት። ሰሜን ሸዋ፣ ሸዋ ሮቢት፣ 1,300 ሜትር ገደማ። ጥቅምት። ከስሜ ጋር።

እናቴ በትከሻዬ በኩል አነበበችው።

"የማን ቤት እንደሆነ አልጻፍክም" አለች።

"ቦታው እንጂ የቤቱ ባለቤት አይጻፍም እማዬ።"

"አንተ አይደለህም ያገኘሃት። መስኮቱ የእኔ ነው። ቆጣሪውም የእኔ ነው። ልጁ ፈርቶ ሲሄድ ሁለት ወር በግምት የከፈልኩትም እኔ ነኝ።"

ወረቀቷ ከጥፍሬ ብዙም አትበልጥም። ጠርዙ ላይ ግን ትንሽ ቦታ ተርፎ ነበር። የእኔን ስም ሰርዤ የእሷን ጻፍኩበት።